እስከ አስር ከአርባ

ሊየፓያ ላይ ነው፣ ከባልቲክ ዳርቻ፣
ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኗሪዋ እሷ ብቻ።
ቪዝማ ትባላለች፤ የጋዜጣ አራሚ፣
ዛሬ ጡረተኛ፣ የአባቷ ቃል ለቃሚ።

አባት ንብ አናቢ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፣
አርባ ዓመት የኖረ ከቀፎ ሲማከር።
ደብተር ትቶላታል፣ ሰም ያራሰው ዳሩ፣
ፊደሎቹ እንደ ንብ ተደራርበው ያደሩ።

ዓይኗ ደክሞ ደክሞ፣ አልነበብ ቢላት፣
በወር ሃያ ዩሮ ከጡረታዋ ቆርሳ
ማሽን ተከራየች፣ ጽሑፍ የሚፈታላት።
ገጽ በገጽ ደብተሩን በፎቶ ሰጠችው፤
«ይህስ ምን ይላል?» ስትል፣
«አውራዋ ሞታለች፤ ቀፎው የሚያሰማው
የልቅሶ ድምፅ ነው።»

ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ ወጉ እንደ ሞቀ፣
ጨዋ፣ ለስላሳ ጽሑፍ ከመስኮቱ ብቅ አለ፦
«የአጠቃቀም ገደብዎ ላይ ደርሰዋል።
እስከ አስር ከአርባ ይጠብቁ።»

ሰዓቱን አየችው። ስምንት ከሩብ።

በእኔ ቋንቋ ሲተርቱ
ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይላሉ።
ቪዝማ ከፍላ ነበር፤
መንገዱም ተዘጋ፣ ሰማዩም ዝም አለ።

ለወንድሟ ልጅ ደወለች፣ ለጊርትስ፣
ወደብ ላይ ክሬን ለሚነዳው።
«ሌባ ነው!» አለችው። «ዳቦ ሻጭ እንኳ
ሒሳብ ተቀብሎ በር አይዘጋብኝም!»
ሳቀ፣ ከክሬኑ ጫፍ፣ ከነፋሱ መሐል፤
«አክስቴ፣ ያ አንዱ ወጋችሁ ስንት ጊዜው?»
«ከመስከረም ጀምሮ ነው። ለምን አቋርጠዋለሁ?»
«እኮ! አንዲት ቃል ስትጨምሪ
ከመስከረም ወዲህ ያለውን ሁሉ
ከአናቱ ጀምሮ እንደገና ያነበዋል።
አንድ ኮንቴነር ለመጨመር
መርከቡን በሙሉ አራግፎ እንደ መጫን ነው።
በሃያ ዩሮሽ የተሰፈረልሽ
ቃል አይደለም፣ ድካም ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቁጥብ ሆነች።
ለየገጹ አዲስ ወግ፣ ሦስቱን ጥያቄ በአንድ፤
«እንደምን አደርክ» ቀረ፣
«አመሰግናለሁ»ም ቀረ፤ ምስጋናም ይቆጠራላ!
ቃሏን እንደ ክረምት እንጨት ፈልጣ ደረደረች፣
ለማታ ይህን ያህል፣ ለነገ ይህን ያህል።

ቅዳሜ ዕለት ዳቦ ቤት፣
ዛይጋ የአጃውን ዳቦ ጠቅልላ ስትሰጣት፣
ቪዝማ ሳንቲም ቆጥራ፣ ዳቦ አቅፋ፣ ዝም ብላ ወጣች።
መንገድ መሐል ነው የቆመችው።
እዚህ ማን ቆጥሮብኝ?
ተመለሰች፤ የበሩ ደወል ተንጫረረ፤
«አመሰግናለሁ» አለች፣
ሦስት ጊዜ ይመስለኛል።
ዛይጋ ግራ ገብቷት «የረሱት ዕቃ አለ?» አለቻት።

በሌላ ቀን፣ በሌላ ጥበቃ፣
መብራቱን አስጠግታ፣ አጉሊ መነጽር ይዛ
ከዚያ ከክፉው ዓመት ገጽ ፊት ተቀመጠች።
ማሽኑ ትናንት ፈቶት ነበር፣
«ማር ባይኖርም ብርሃን እንደ ነበረ ይገልጻል» ብሎ፤
እሷም ደህና ዓረፍተ ነገር ነው ብላ አልፋዋለች።

አሁን ግን በጣቷ ፊደሉን ስትከተል፣
ቀስ በቀስ፣ ልክ እንደ ድሮ ሥራዋ፣
አባቷ የጻፈው ይህ ነበር፦
«ዛሬም ማር የለም። ቪዝማ ግን አለች።»

ቪዝማ በቋንቋዋ ብልጭታ ማለት ነው።
ማሽኑ ምን ያድርግ፣
ስሟን ነግራው አታውቅ፤
የቃል ቁጠባ ነበረባት።

ውጭው ጨልሟል። አስር ከአርባ ሆነ፣ አለፈ።
አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ማሽኑ ዞረች፣
አራሚ አይደለች? ስሕተት አይታ አትተኛም፦
«ያ ቃል ብርሃን አይደለም። ስም ነው። የእኔ ስም።»

ይቅርታ ጠየቃት፣
ረጅም፣ ያማረ ይቅርታ።
እሱም ተቆጠረባት።